«የ7 ቁጥር አስታማሚ!»፦ ክፉ ውጤት በኮሪደር ስለሚሰማ ቤተሰብ

በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ነርሷ «የ7 ቁጥር አስታማሚ!» ብላ ስትጣራ ብድግ የምትለው ሴት በስሟ አትታወቅም፤ መጠሪያዋ የባሏ አልጋ ቁጥር ነው። ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ታድራለች። የታዘዘው መድኃኒት ከግቢው ከጠፋ ወረቀቱን ይዛ ከተማውን ታስሳለች፤ ናሙና ታመላልሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ከገጠር የመጣች እንደሆነ እድሯም ጎረቤቷም እዚያው ቀርተዋል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ሕክምናውን እንጂ የእሷን ምሳና ማደሪያ አይሸፍንም።

ይህን ድካም ለመለካት አጥኚዎች አዘውትረው የሚጠቀሙት እነስቲቨን ዛሪት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡትንና ኋላ በ22 ጥያቄዎች የተወሰነውን መጠይቅ ነው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ይጠይቃል። ስለ ምስጢር ግን አንድም ጥያቄ የለውም፤ የእኛዋን አስታማሚ አብልጦ የሚከብዳት ደግሞ እሱ ይመስለኛል። ሐኪሙ ክፉውን ውጤት ብዙ ጊዜ ሕመምተኛውን ትቶ ለእሷ ይነግራታል፤ ያውም ኮሪደር ላይ፣ በቁሟ። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ትመለሳለች። «ምን አሉሽ?» ሲላት «ጨጓራ ነው አሉኝ» ትላለች። ማታ ከሀገር ቤት ሲደወልም ያችኑ ትደግማለች።

ባህላችን እኮ ክፉ ወሬ አነጋገሩን ያውቅበታል። መርዶ የሚያረዱ ዘመድና ሽማግሌዎች እስኪሰባሰቡ ወሬውን ይሸሽጉትና በማለዳ አብረው ይሄዳሉ፤ ባለሐዘኑ ብቻውን አይሰማም፣ ሲወድቅ የሚደግፈው አለ። ሆስፒታል ከዚህ ወግ የወሰደው መሸሸጉን ነው፤ ደጋፊውን ዘበኛው በር ላይ አስቀርቶታል።

አነጋገር ልዩነት እንደሚያመጣ በሆስፒታልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ የ126 ሰዎችን ቤተሰቦች ተከታትሏል። ገሚሶቹ እንደተለመደው ተነገራቸው፤ ገሚሶቹ ስለ ሐዘን የተጻፈ አነስተኛ መጽሔት ተሰጥቷቸው፣ ሐኪሙ ማዳመጥን ባስቀደመበት ውይይት ተቀመጡ። ቤተሰቡ ራሱ የተናገረበት ጊዜ በፊተኞቹ ዘንድ 5፣ በኋለኞቹ 14 ደቂቃ ገደማ ነበር። ከ90 ቀናት በኋላ ከአስከፊ ገጠመኝ የሚመጣ የጭንቀት ምልክት ከፊተኞቹ በ69፣ ከኋለኞቹ በ45 በመቶው ላይ ታየ።

የእኛ ክፍሎች ጠባብ ናቸው፤ ሐኪሙንም ብዙ አልጋ ይጠብቀዋል። ቢሆንም ከራውንድ በኋላ አንድ ወንበር አይጠፋም። ሐኪሞች፣ ውጤቱን ከመንገራችሁ በፊት ስሟን ጠይቋት፤ ቀጥላችሁም «የምትጠሪው ዘመድ አለሽ?» በሏት። ካለ፣ እስኪመጣ ጠብቁት።