ኢንግልውድ ለምን «አይሆንም» አለች?

ሰፈራችሁ ውስጥ ግዙፍ መደብር ሊከፈት ነው ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ርካሽ ዕቃ አለ፤ የሥራ ዕድልም አለ። ብዙዎቻችን «እሰየው!» እንል ይሆናል።

ሎስ አንጀለስ አጠገብ የምትገኘው ኢንግልውድ ግን እንዲህ አላለችም። በብዛት ጥቁሮችና ላቲኖዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ዋልማርት በዚያ 60 ኤከር መሬት ላይ ሊገነባ ፈለገ። በከተማው ምክር ቤት በኩል አልሳካ ሲለው ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩን ወደ ሕዝበ ውሳኔ ወሰደው።

ጉዱ ያለው ሰነዱ ውስጥ ነበር። ከጸደቀ ግንባታው ያለ ሕዝብ ውይይትና ያለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይቀጥላል። በኋላ ለማሻሻል ደግሞ የመራጩ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ኩባንያው ለቅስቀሳ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ከንቲባው ሩዝቬልት ዶርን ሥራና ግብር ይመጣል ብለው ደገፉት። አብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የኮንግረስ አባሏ ማክሲን ዋተርስ ተቃወሙ።

ጊዜውም ክፉ ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ የምግብ መደብር ሠራተኞች ከአራት ወር በላይ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ከርመው መመለሳቸው ነበር። አሠሪዎቻቸው የጤና መድን ወጪ እንቀንስ ያሉት የዋልማርትን ፉክክር በመፍራት ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2004 ድምፅ ተሰጠ። ከመቶ 60 ያህሉ «አይሆንም» አሉ።

እኛ እንደሚገባን የኢንግልውድ ሰዎች የተጣሉት ከርካሽ ዕቃ ጋር አይደለም። ጥያቄያቸው «በሰፈራችን ጉዳይ ወሳኙ ማነው?» የሚል ነበር።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። ያንኑ 60 ኤከር እ.ኤ.አ. በ2014 ስታን ክሮንኪ ከዋልማርት ገዛው። ባለቤቱ ከዋልማርት መሥራቾች የአንዱ ልጅ ናት። በ2015 ለስታዲየም ግንባታ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ምክር ቤቱም ሕዝቡን ድምፅ ሳያሰጥ 5 ለ0 አጸደቀው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውም በዚያው ታለፈ። በ2019 ምክር ቤቱ የቤት ኪራይ ጭማሪ ላይ ገደብ ጣለ፤ በ2020 ሶፋይ ስታዲየም ተከፈተ።

በ2004 በሕዝብ ድምፅ የወደቀው አቋራጭ መንገድ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ተከፈተ ማለት ነው። አንዴ «አይሆንም» ብሎ ወደ ቤት መግባት እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ምን ያስተምረናል?