ነጋዴና ተሳላሚ በአንድ መንገድ

ሰሞኑን በካባላጋላና በካንሳንጋ ሱቆቻችን ወሬው ሁሉ ጉዞ ነው። ማኅበሮቻችን ኢየሩሳሌም ወይም ላሊበላ ይላሉ፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ዑምራ ያስባሉ፤ ልጆቻችን ደግሞ መርቺሰን ፏፏቴ ወርደን ዝሆንና አንበሳ እንይ ይላሉ። ገንዘብ መሰብሰብ ስለተጀመረ፣ ከመክፈላችን በፊት የቀደሙት እንዴት ይጓዙ እንደነበር ብናስታውስ ይጠቅመናል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንጀምር። በግዕዝ «ነገደ» የሚለው ግሥ መሸጥ መለወጥንም፣ መንገድ መሄድንም ይገልጻል። «ነጋዴ» ከዚህ ወጣ። ወደ ቅዱስ ቦታ የሚደረገው ጉዞም «ንግደት» የተባለው ከዚሁ ነው። የስዋሂሊው «ሳፋሪ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ነው። ዛሬ አውሬ ለማየት በመኪና መውጣት ሆነ እንጂ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ዳርቻ ወደ መሃል አገር የሚዘልቀው የነጋዴ ጓዝ ሳፋሪ ይባል ነበር።

እዚህ የምንኖርበት አገር ሃይማኖቶቹን የተቀበለው በዚያ መንገድ ነው። በ1840ዎቹ ጨርቅና ጠመንጃ ይዘው የዝሆን ጥርስ ፍለጋ ወደ ቡጋንዳ ቤተ መንግሥት የመጡ ነጋዴዎች እስልምናን አስተዋወቁ። በ1877 የእንግሊዝ፣ በ1879 የካቶሊክ ሚስዮናውያን የነጋዴውን ፈለግ ተከትለው ደረሱ። ብዙም ሳይቆይ በካባካ ምዋንጋ ዘመን ብዙ ወጣት አማኞች ተገደሉ፤ ቻርልስ ልዋንጋና ጓደኞቹ ጁን 3 ቀን 1886 ናሙጎንጎ ላይ በእሳት ተቃጠሉ። ከሰማዕታቱ 22ቱን ካቶሊኮች ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ በ1964 ቅዱሳን ብለው ሰየሟቸው። ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ ሳይቀር በእግር የሚመጡ አሉ።

የእኛም አባቶችና እናቶች እንዲሁ ተጉዘዋል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ መነኮሳትና ምእመናን በቀይ ባሕር ዳርቻ ወይም በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ ወርደው በረሃውን ያቋርጡ ነበር። የሚሻለው ከነጋዴ ቅፍለት ጋር መሄድ ነበር፤ የውሃውን ጉድጓድ የሚያውቀው፣ በየኬላው ቀረጥ የሚከፍለው፣ ከባላገሩ ጋር በቋንቋው የሚነጋገረው ነጋዴው ነውና። መንገዱ ግን ምሕረት አልነበረውም። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከድባርዋ የተነሡ ከ300 በላይ ተሳላሚዎች በመንገድ ላይ ተወርረው ሽማግሌዎቹ እንደተገደሉ፣ ወጣቶቹ ለባርነት እንደተሸጡ፣ ያመለጡት በጣም ጥቂት እንደነበሩ ጽፏል።

የደረሱት ዴር ሡልጣን ገዳም ያርፉ ነበር። ኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በ1893 በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በከተማዋ ቤት እያሠሩና እየገዙ ኪራዩ ለገዳማቱ መተዳደሪያ እንዲሆን አደረጉ። እኛ ነጋዴዎች ይህን በደንብ እንረዳለን፤ ስእለት ብቻውን እንግዳ አያሳድርም፣ የማይቋረጥ ገቢ ያስፈልጋል።

ከዚያ መንገዱ አጠረ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። የወራት መንገድ የሰዓታት ሆነ፤ ነገር ግን አብሮ የጠፋ ነገር አለ። የጥንቱ ነጋድራስ ቅፍለቱን ሲመራ የራሱ ዕቃና የራሱ ነፍስ እዚያው ውስጥ ነበሩ። ሌሎቹ ከተዘረፉ እሱም ይዘረፋል። የዛሬው አደራጅ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ እቤቱ ሊቀር ይችላል። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የከፈሉ ቤተሰቦች ቪዛም ገንዘብም ሳያገኙ ቀርተዋል። አንዲት እናታችን የሰጡት የሦስት ዓመት ዕቁባቸውን ነበር።

ሌላም ጉዳይ አለ። ከእኛ ብዙዎች የሚንቀሳቀሱት በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ ያ ሰነድ ደግሞ ወደተሰደዱበት አገር ለመግባት አያገለግልም። ጉዞው ላሊበላ ብቻ ከሆነ እነዚህን ትተናቸው ልንሄድ ነው። ላሊበላ ራሱ ግን መፍትሔ ያሳየናል። ሳላዲን በ1187 ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ፣ መንገዱ ለከበደበት ሕዝብ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም እንዲሆን እንደታነጸ ትውፊት ይነግረናል፤ ወንዙም ዮርዳኖስ ተባለ። ሩቁ ሲዘጋ ቅርቡን መቀደስ የአባቶች ልማድ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ናሙጎንጎ ይሁን። ከካምፓላ መሃል በእግር ሦስት አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ሰነድ አይጠየቅበትም፣ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ባይሆኑም ሰማዕታቱ ስለ እምነታቸው ነው የሞቱት። በዚያው ማን ከደካማው ጋር እንደሚያዘግም፣ ማን ሒሳብ በትክክል እንደሚይዝ እንተዋወቃለን። ለሩቁ ጉዞ ደግሞ ገንዘቡ ሦስት ሰዎች በሚፈርሙበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ አደራጁ ዋስ ይጥራ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ እኩል ይታይ። ከሁሉ በላይ ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ከእኛው ጋር በዚያው አውቶቡስ፣ በዚያው አውሮፕላን ይሳፈር።

የዕቁብ ዳኞችና የማኅበር ሙሴዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንሡና ተነጋገሩበት። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።