424 ኪሎ ሜትር

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ በከተሞች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሰላ ገጽ አሠራኝ። ሥራው ቀላል ነው። የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ሃቨርሳይን የሚባል ፎርሙላ ውስጥ ትከታለህ፣ የምድርን ሬዲየስ 6371 ኪሎ ሜትር ብለህ ታስገባለህ፣ አለቀ። ለሙከራ ፍራንክፈርትና በርሊንን ሰጠሁት፤ ወደ 424 ኪሎ ሜትር አለኝ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ሲካፈል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር፣ አንድ ሰዓት ገደማ።

ሊንኩን ፍራንክፈርት ለምትኖረው አክስቴ ላክሁላት። በድምፅ መለሰችልኝ፦ «አንተ ልጅ፣ እኔ መጀመሪያ በርሊን የሄድኩ ጊዜ እኮ ግንቡ አልፈረሰም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ እየተናጠ ነው የወሰደን፤ ሆዴ ተገለባብጦ ነበር። ሉፍታንዛ ደግሞ መግባት አይፈቀድለትም፣ በአሜሪካኖቹ ፓን አም ነው የሄድነው። ያንተ ኮምፒውተር ይህን ያውቃል?»

አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ሥራዬን ትቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሊን ለአራት ብትከፈልም ከተማዋ የቆመችው ሶቪየቶች በያዙት ምድር መሀል ነበር። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1945 አራቱ ኃያላን ሦስት የአየር ኮሪደሮችን ፈቀዱ፦ ወደ ሃምቡርግ፣ ወደ ሃኖቨር አቅጣጫ እና ወደ ፍራንክፈርት። እያንዳንዱ 32 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው። ከፍታው ደግሞ በልማድ ወደ 3 ሺህ ሜትር ተገደበ። በኋላ ጄት መጣ፤ 10 ሺህ ሜትር ላይ እንዲበር የተሠራ ሞተር ጥቅጥቅ ባለው አየር ነዳጅ እየበላ፣ ደመናውን እየሰነጠቀ ይሄድ ነበር። የአክስቴ ሆድ ጥፋት የለበትም።

እኔን የያዘኝ ግን ወረቀቱ ነው። በጁን 1948 ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን መንገድ፣ ባቡርና የውኃ መስመር ዘጉ። ለምዕራባውያኑ የመሬቱን መተላለፊያ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያሰፈረ ስምምነት አልነበረም፤ የአየሩ ግን ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚያ መስመር ተረፈ፤ ከ277 ሺህ በላይ በረራዎች፣ 2.3 ሚሊዮን ቶን ጭነት፣ አብዛኛው የድንጋይ ከሰል።

ኮዴን የሚያፈርሰውም እዚህ ጋ አለ። እኔ ከሀ ወደ ለ ያለው ርቀት ከለ ወደ ሀ ካለው ጋር እኩል ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። በዚያ ዓመት ግን አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ የሰሜኑና የደቡቡ ኮሪደር መግቢያ፣ የመሀሉ መውጫ ብቻ ሆኑ። ከፍራንክፈርት የሄደ አብራሪ በደቡብ ገብቶ፣ በሃኖቨር በኩል ወጥቶ፣ ዞሮ ነው ቤቱ የሚደርሰው። ማረፊያውን ከሳተ ደግሞ በጄኔራል ዊሊያም ተነር ትእዛዝ ድጋሚ አይሞክርም፤ ጭነቱን እንደያዘ ይመለሳል። ለዚህ ሰው ርቀቱ ስንት ነው ልበል?

የበለጠ የገረመኝ አንድ ቢሮ ነው። የኮሪደሮቹን በረራ የሚያስተባብሩት የአራቱ አገሮች መኮንኖች በርሊን ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ሶቪየቶች በማርች 1948 ከአራትዮሹ ምክር ቤት ጥለው ሲወጡ ከዚህ ቢሮ አልወጡም። ከበባው መጣ፣ ሄደ፤ ግንቡ ተሠራ፣ ፈረሰ፤ ቢሮው እስከ 1990 መጨረሻ ቆየ። ሉፍታንዛም ወደ በርሊን መብረር የቻለው በዚያው ዓመት፣ ጀርመን ስትዋሐድ ነው።

ገጹ ላይ «የበረራ ርቀት» የሚለውን «ቀጥታ ርቀት» ብዬ ቀየርኩት። ደንበኛው ልዩነቱ ምንድነው አለኝ። የአክስቴን ድምፅ ላክሁለት።