ዶክተር ነጋሶ እና ያላለቀችው አንቀጽ



እኛ የዳር ከተማ ልጆች ነን። ከሰበታ የምንመጣው በአየር ጤና በኩል፣ ከቡራዩ የምንመጣው በአስኮ፣ ከሱሉልታ የምንመጣው ደግሞ እንጦጦን ዞረን በአዲሱ ገበያ በኩል እንገባለን። ጠዋት ታክሲ ተጋፍተን እንገባለን፣ ማታ ታክሲ ተጋፍተን እንወጣለን። ሰው «የት ነው ሠፈራችሁ?» ሲለን ለመገላገል ያህል «አዲስ አበባ» እንላለን። ሩቅ አገር ሄዶ የተወለደበትን ቀበሌ ማብራራት የሚሰለቸው ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዷ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ መታወቂያዋን ያየ ሰው «አንቺ የክልል ነሽ፣ እዚያው ሞክሪ» ብሎ መለሳት። እዚያው ስትሞክር ደግሞ «በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ትችያለሽ?» ተባለች። መናገሩን እንደ ውኃ ትናገረዋለች፤ በቁቤ መጻፉን ግን አልተማረችም። ሁለቱም ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሁለቱም ሥራቸውን ነው የሠሩት። እሷ ግን በሁለት በሮች መካከል ቆማ ቀረች።

ይህንን ስናወራ ነው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ትዝ ያሉን። ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሱን፣ እንነግራችኋለን።

ታሪክ የተማሩት ፕሬዚዳንት

ዶክተር ነጋሶ በ1935 ዓ.ም. ደምቢ ዶሎ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥተው ሳለ ወንጌላዊና አስተማሪ ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። (ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ላደግነው ልጆች ይህች ታሪክ ለየት ያለ ትርጉም አላት።) ልጃቸው ታሪክ አጠኑ፤ ጀርመን ሄደውም በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ደርግ ሲወድቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው በኦሕዴድ በኩል ወደ ሥልጣን ገቡ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት የመሩት ዶክተር ነጋሶ ነበሩ። ረቂቁን ያዘጋጀው ኮሚሽን በአቶ ክፍሌ ወዳጆ ይመራ ነበር፤ ጉባኤው ደግሞ በእሳቸው። በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር ሲሆኑም ሕገ መንግሥቱ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ከግርጌው የእሳቸው ስም ሰፍሮበት ነው።

በዚያ ሰነድ ውስጥ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የምትባል አለች። የዳር ከተማ ልጅ ሁሉ በቃሉ ሊያውቃት የሚገባ አንቀጽ ናት። ባጭሩ የምትለው ይህንን ነው፦ አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሀል ስለምትገኝ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ሁለቱን በሚያስተሳስሩ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ላይ የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ አጭሯ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል።

አለቀ። ዝርዝሩ ግን ሳይወሰን ዓመታት ነጎዱ። ዶክተር ነጋሶ ስድስት ዓመት ርዕሰ ብሔር ሆነው ሲቆዩ አልወጣም፤ እሳቸው ከወረዱ በኋላም አልወጣም።

ፈራሚው ምን ሥልጣን ነበረው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ራሳቸው የመሩት ጉባኤ ያጸደቀው ሕገ መንግሥት ለርዕሰ ብሔሩ የሰጠው ሥልጣን እጅግ ቀጭን ነው። ፓርላማ ይከፍታል፣ ሹመትና ሽልማት ይሰጣል፣ ይቅርታ ያደርጋል፣ ሕግ ይፈርማል። ፊርማውም ቢሆን የሚያስጨንቅ አይደለም። በአንቀጽ 57 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል!

ታዲያ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ አመራር ምን ሊያስተምረን ይችላል? ብዙዎቻችን «የሚፈርም ፕሬዚዳንት» እያልን አፊዘናል። እኛም አፊዘናል። ዳሩ ግን የዶክተር ነጋሶ ታሪክ አንድ ነገር አሳይቶናል፤ ሥልጣን የሌለው ሰውም «አይሆንም» የምትል አንዲት ቃል አለችው።

በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። አቶ መለስ ዜናዊ አሸናፊ ሆነው ወጡ፤ አቶ ስዬ አብርሃ፣ አቶ ገብሩ አሥራትና ጓዶቻቸው ተሸነፉ። ንፋሱ ወደ ኦሕዴድም ዞረ። በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ አሸናፊውን ለመምሰል በሚሽቀዳደምበት በዚያ ሰኔ፣ ዶክተር ነጋሶ የተለየ አስተያየት የሚስተናገድበትን መንገድ ተቃውመው የኢሕአዴግን ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ከኦሕዴድም ተባረሩ። የቀራቸውን ጊዜ ያለ ድርጅት ርዕሰ ብሔር ሆነው ጨርሰው መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ለአቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረከቡ።

ከዚህ የምንረዳው ስለ ዴሞክራሲ የነበራቸውን አቋም ነው። ዴሞክራሲ ምርጫ ጣቢያ ላይ ብቻ የሚጀመር ነገር አይደለም። የሚጀምረው ከፓርቲው ስብሰባ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ጓዱን መቃወም የማይችል ሰው ነገ ሕዝብ ሲቃወመው እንዴት ይታገሣል?

በታክሲ የሚሄዱት የቀድሞ ፕሬዚዳንት

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ከወገንተኛ ፖለቲካ ካልራቀ መኖሪያ ቤቱን፣ መኪናውንና ሌላ ጥቅሙን እንዲያጣ ደነገገ። ዶክተር ነጋሶ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በግል ተወዳድረው ደምቢ ዶሎ ላይ አሸነፉ። ፓርላማ ገቡ፤ ጥቅማጥቅማቸው ተቋረጠ። «በግል መወዳደር ወገንተኝነት አይደለም» የሚል ክርክር ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልቀናቸውም። የአዲስ አበባ ሰው የቀድሞውን ርዕሰ ብሔር ታክሲ ላይ ማየት የለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝም ቢሉ ኖሮ ቤቱም መኪናውም ይቀርላቸው ነበር። አመራር ብለን የምንጠራው ነገር ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የአቋምን ሒሳብ ከራስ ኪስ መክፈል።

«አንድነት» የሚለው ስም

ከ2002ቱ ምርጫ በፊት ዶክተር ነጋሶና አቶ ስዬ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን ተቀላቀሉ። እስቲ ይህንን ሥዕል በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። አቶ ስዬ በሙስና ተከሰው ሳለ ዋስትና የፈቀዱላቸው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ (ወዲያው መልሰው ቢያስሯቸውም)። ያቺ ዳኛ የፓርቲው መሪ ሆነው በዚያ ወቅት እስር ቤት ነበሩ። የቀድሞው ተከሳሽ ዳኛዋ ወደምትመራው ፓርቲ ገባ። የቀድሞው ርዕሰ ብሔርም አብሮት ገባ። ዶክተር ነጋሶ ኋላ ላይ ፓርቲውን በሊቀመንበርነት እስከ 2006 ዓ.ም. መርተውታል።

ይህ እርምጃ በሁለት ወገን አስተቻቸው። አንዱ ወገን «አንቀጽ 39ን ያጸደቀ ሰው ስለ አንድነት ምን አፍ አለው?» አለ። ሌላው ወገን «የኦሮሞ ልጅ ሆኖ የአንድነት ፓርቲ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ። ሰውየው ግን ሁለቱን የሚጣሉ ነገሮች አላደረጓቸውም። በ2003 ዓ.ም. ዳንኤል ተፈራ በእሳቸው ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ «ዳንዲ፦ የነጋሶ መንገድ» ይላል። ዳንዲ በአፋን ኦሮሞ መንገድ ማለት ነው። አንዱ ቃል በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ሌላውን አላባረረም።

መንገዱ ግን ጠባብ ነበር። አንድነት ፓርቲ የነበረበት መድረክ በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫ ያገኘው አንዲት ብቻ ነች፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ። መድረክ ውስጥም ስለ መሬትና ስለ ራስን በራስ መወሰን የነበረው ክርክር እስከ መጨረሻው አልተቋጨም። ፓርቲው ራሱ ዛሬ የለም።

ዝርዝሩ ሳይጻፍ ሲቀር

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ያቺ አንቀጽ ዝርዝር ስታጣ ምን ሆነ?

ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ አዲስ አበባን ውኃ ሲያጠጣ ኖሯል። የግድቡ ጎረቤት ምን ያገኛል የሚለውን የሚመልስ ሕግ ግን አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ ዙሪያውን ያሉት ከተሞች «በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን» ተብለው ተዋቀሩ። የከተሞቹ አስተዳደር ተደራጀ፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያላቸው ሒሳብ ግን እንደተከፈተ ቀረ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን አንድ ላይ የሚያቅደው ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ እንደገና ተቀጣጠለ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን አለቁ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቢሾፍቱው የእሬቻ ሐዘን በኋላ፣ ሰበታ ውስጥ ፋብሪካ ነደደ።

ቆሻሻውንም አንርሳ። ሰንዳፋ ላይ የተሠራው አዲሱ የቆሻሻ ማስወገጃ አካባቢው ያሉ ገበሬዎች ስለተቃወሙት በ2008 ዓ.ም. በወራት ዕድሜው ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአደጋው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ቢሆንም የከተማው ቆሻሻ የት ይሂድ፣ የሚቀበለው ገበሬስ ምን ይካስ የሚለው ጥያቄ ያቺ አንቀጽ «ዝርዝሩ» ብላ የተወችው ጥያቄ ነበር።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የልዩ ጥቅሙን ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ መራ። አፋን ኦሮሞ በአዲስ አበባ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን፣ የተነሱ ገበሬዎች ካሣ፣ የውኃና የቆሻሻ ነገር ሁሉ በረቂቁ ነበረ። ሳይጸድቅ ቀረ።

በዓመቱ ዘመኑ ተለወጠ። አቶ ለማ መገርሳ ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያዊነትን ሱስ ብለው ሲናገሩ እኛም አጨብጭበናል፤ አንዳንዶቻችን አልቅሰናል። ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ቡራዩ ላይ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከሟቾቹና ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። የዚያን ሰሞን አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ሊበቀሉ ሲወጡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ስለ አንድነት ከተነገሩት ንግግሮች ሁሉ ያቺ ዝምታ ትበልጥብናለች።

ብራስልስንም እናስታውስ። ሁለት ቋንቋ የምትናገር፣ ግን በፍላንደርስ መሀል የተቀመጠች ዋና ከተማ ናት። ቤልጂጎች በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ጉዳይ ለዓመታት ተነታርከዋል፤ በ2010 እና 2011 እ.ኤ.አ. 541 ቀን ያለ መንግሥት ሰንብተዋል። በመጨረሻ ግን ቁጭ ብለው ዝርዝሩን ጻፉት። አልተዋደዱ ይሆናል፤ አልተጋደሉም።

እንግዲህ ምን እንበል?

ዶክተር ነጋሶ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ በ75 ዓመታቸው ጀርመን አገር አረፉ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው «ሸገር ከተማ» ሆኑ። ስማችን ተለወጠ። በዚያው ዓመት ብዙ ቤት ፈረሰ፤ አብረውን ታክሲ ይጋፉ ከነበሩት ውስጥ የት እንደገቡ የማናውቃቸው አሉ።

ዶክተር ነጋሶን ጻድቅ ልናደርጋቸው አንፈልግም። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ የመሩ ሰው ናቸውና ባለ ዕዳም ናቸው። ያቺ አንቀጽ ባዶዋን ስትቀር ወንበሩ ላይ ነበሩ። ግን ዕዳቸውን ሲያዩ አልሸሹም። ከአዳራሹ ወጡ፣ ቤቱን ለቀቁ፣ ከትናንት ባላንጣ ጋር አንድ ፓርቲ ውስጥ ተቀመጡ። ከእሳቸው የወሰድነው ትምህርት ይኸው ነው፤ አንድነት የሚጸናው በጭብጨባ አይደለም። ማን ውኃውን ያጠጣል፣ ማን ቆሻሻውን ይቀበላል፣ ማን ቤቱ ሲፈርስ ይካሳል፣ ልጅቷስ በየትኛው ቋንቋ ማመልከቻ ትጻፍ የሚለው ቁጭ ተብሎ ሲጻፍ ነው የሚጸናው።

ያቺ ጓደኛችን አሁን ቁቤ እየተማረች ነው። ማንም አላስገደዳትም። «አንዱን በር እኔ እከፍታለሁ» አለችን። «ሁለተኛውንስ?» አልናት።

«እሱን በሕግ ይወሰናል ብለዋል» ብላ ሳቀች።

እኛ ግን አልሳቅንም። እናንተስ?

ቸር ያገናኘን!