የመረጣ አድልዎ፦ ከመዝገብ የሚቀሩት ከዋክብት

በሚያዝያ፣ እኩለ ሌሊት ግድም፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ከጋፋት ኮረብታ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ከአድማስ 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው ጎን ለጎን የሚያበሩ ሁለት ደማቅ ከዋክብት ያያል። አልፋ ሴንታውሪ 4.4 የብርሃን ዓመት ይርቀናል፤ ጎረቤቱ የሚመስለው ሃዳር ግን 390 ገደማ። ከፀሐይ ቀጥሎ ከሁሉ የሚቀርበን ፕሮክሲማም እዚያው አጠገባቸው አለ፤ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም።

በዓይን የታየውን ብቻ የሚመዘግብ ሰው ሩቁን ሃዳርን አስገብቶ ቅርቡን ፕሮክሲማን ይተዋል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን «ሰሌክሽን ባያስ» ይሉታል፤ በአማርኛ «የመረጣ አድልዎ» ብንለው ይስማማዋል። «ስህተት» አይበቃውም። የዘፈቀደ የልኬት ስህተት ምልከታው በተደጋገመ ቁጥር እየተቻቻለ ይቀንሳል፤ አድልዎ ግን ሺህ ሌሊት ቢታይም ንቅንቅ አይልም። በከዋክብት ድምቀት ላይ የሚደርሰው ዓይነት፣ በ1922 እ.ኤ.አ. ባጠናው ስዊድናዊ በጉናር ማልምኲስት ስም ይጠራል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚደክም፣ 100 እጥፍ የሚያበራ ኮከብ 10 እጥፍ ርቆም ይታያል። 10 እጥፍ ርቀት ደግሞ በይዘት 1,000 እጥፍ የሰፋ ሕዋ ነው። እንግዲህ ደካሞቹ በቁጥር 1,000 እጥፍ ቢበልጡ እንኳ መዝገቡ ላይ ከደማቆቹ ጋር እኩል ይወጣሉ። በእርግጥም ከከዋክብት ሦስት አራተኛ ያህሉ ፕሮክሲማን የመሰሉ ቀይ ድንኮች ናቸው፤ ጥርት ባለው የደብረ ታቦር ሰማይ ላይ አንዳቸውም በባዶ ዓይን አይታዩም። ጋፋት ራሷም በታሪክ መዝገብ ይኸው አድልዎ ደርሶባታል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ካቀለጧቸው መድፎች መካከል ስሙ የሚነሳው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ብቻ ነው።

መፍትሔው ስሌት ነው። አንደኛው መንገድ ደካሞቹም ሳይቀሩ እስከሚታዩበት ርቀት ድረስ ያሉትን ብቻ መቁጠር ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ብዙ መረጃ ያስጥላል። እኔ የማደላው ማርተን ሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. ላቀረበው ዘዴ ነው፦ እያንዳንዱ አካል ሊታይ በሚችልበት የሕዋ ይዘት ተካፍሎ ይቆጠራል። በላይኛው ምሳሌ አንድ ደካማ ኮከብ የ1,000 ደማቆችን ያህል ይመዝናል ማለት ነው።

ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር የመዘገበቻቸው ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብት መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የደብረ ታቦር ተማሪም ሊያወርደው ይችላል። ግን ጋያም ያላየችው ድብዝዝ አለ፤ አማካይ ከማውጣት በፊት የእይታዋን ወሰን መፈለግ ያስፈልጋል።