ስም ያልተጠየቀበት ሙሾ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ብዙ የተወራበትን፣ ዋናው ሐዘንተኛ ግን ያልተሰማበትን የኩዌት ነገር ላውጋችሁ።

ቀኑ ሐምሌ 26፣ 1982 ዓ.ም. ነው። የኢራቁ መሪ የሳዳም ሁሴን ጦር በሌሊት ድንበር ጥሶ ገባ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ኩዌት ከተማ እጁ ላይ ወደቀች። አሚሩ ወደ ሳዑዲ ሄዱ። የቻለ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ከሄዱት መካከል ነርሶችም ነበሩ። በዚያ አገር ሕመምተኛ የሚያገላብጠው እጅ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ እጅ ነውና፣ እንግዳው ነፍሴን ላውጣ ብሎ ሲሄድ ዎርዱ ጭር አለ።

አሁን ልብ በሉ። ወሩ ሳይሞላ ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል የገባ ሕፃን ምን ይፈልጋል? ከቆዳው ሥር የሚያሞቀው ስብ ገና አልተሠራለትም። ጡት መሳብ አይችልም፤ ወተቱ በቀጭን ቱቦ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይሰጠዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መተንፈስ ይረሳል። አዎ፣ ይረሳል! ያን ጊዜ ማሽኑ ይጮኻል፤ ነርሷ ትሮጣለች፤ እግሩን ዳሰስ ስታደርገው ነቃ ብሎ አየር ይስባል። ማሽን መጮህ እንጂ መዳሰስ አያውቅም። ነርሷ ከሌለችስ?

ሕፃናት ሞቱ። በእውነት ሞቱ።

በእስልምና ሥርዓት ሟች ሳይውል ሳያድር ይቀበራል፤ የሞተ ሕፃን በገነት ለወላጆቹ ይማልዳል ተብሎም ይታመናል። ይህ ለልብ መጽናኛ ነው። ገላ ግን አይመከርም፤ በተወለደ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የእናት ጡት በወተት ይወጠራል፤ ልጁ አለ የለም ብሎ አይጠይቅም።

በእኛ አገር ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ቤት ስትደርስ አስቀድማ ታጣራለች፦ ሟች ማን ይባላል? የማን ልጅ ነው? ያን ሳትይዝ አፏን አትከፍትም። ለኩዌት ሕፃናት ግን ሙሾው ባሕር ማዶ ወረደ፤ የሟቹን ስም የጠየቀ አልነበረም።

መስከረም 30 ቀን 1983፣ ዋሺንግተን። ናይራ የተባለች የ15 ዓመት ልጅ የአሜሪካ እንደራሴዎች ፊት ቀርባ እያለቀሰች ተናገረች። ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ ባለው አል አዳን ሆስፒታል በፈቃደኝነት ሳገለግል፣ የኢራቅ ወታደሮች ሕፃናቱን ከማሞቂያ አውጥተው ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲጥሏቸው አየሁ አለች። ልጅቱ በዋሺንግተን የኩዌት አምባሳደር የሳዑድ ናስር አል ሳባህ ልጅ መሆኗን ለሕዝብ የነገረ የለም። ዝግጅቱንም ያቀነባበረው ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለ፣ በክፍያ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር።

ወሬው ክንፍ አወጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ በየመድረኩ ደጋገሙት። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር 312 አደረሰው። ኅዳር 18 ደግሞ አንድ ሰው በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀርቦ የቀዶ ሐኪም ነኝ፣ 40 ጨቅላ ቀብሬያለሁ አለ፤ ኋላ ሲጣራ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። በዚያ አዳራሽ ያኔ የኢትዮጵያም ወንበር ነበረ። ከሁለት ቀን በኋላ ጦር እንዲዘምት የፈቀደው ውሳኔ ቁጥር 678 በ12 ድምፅ ሲጸድቅ፣ አንዱ ድምፅ የእኛ ነው።

ጦርነቱ አለቀ። የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆን ማርቲን ኩዌት ገብቶ ሐኪሞቹን ጠየቀ። ሕፃናቱን ወታደር ከማሞቂያ አላወጣቸውም፤ የሚንከባከባቸው ነርስ ጠፍቶ ነው የሞቱት አሉት። አምነስቲም በዚያው ዓመት ቃሉን አነሳ። ታኅሣሥ 1984 ላይ ጋዜጠኛው ጆን ማካርተር በኒውዮርክ ታይምስ የልጅቱን ማንነት ገለጠው።

ዓለሙም «ለካ ውሸት ነው!» ብሎ እጁን አራገፈ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ከውሸቱ ጋር እውነተኞቹ ሟቾችም አብረው ተጣሉ። ወራሪው ጦር ሕፃናቱን በእጁ ባያወጣቸውም፣ ነርሶቻቸውን ያባረረው እሱ ነው። ሕፃናቱ መጀመሪያ ለጦርነት ነጋሪት ሆኑ፤ ቀጥሎ የቅጥፈት ምሳሌ ሆኑ። በመሐል «ልጄ ሞተብኝ» የምትል እናት ድምፅ ተዋጠ።

ኩዌት ዛሬ ቤት አብዱላ የሚባል ቤት አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ፣ በጽኑ የታመሙ ልጆችንና ወላጆቻቸውን የሚደግፍ። እኛ ዘንድስ? ጨቅላ የሞተባትን ሴት «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ብለን ቡና ሳይፈላ እንነሳለን። ክፋት አይደለም፤ ግን የእሷን ሐዘን እኛ እየተረክነው ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ቤት ስትደርሱ ምክሩን ተዉት። «ማን ብላችሁት ነበር?» በሉ፤ ከዚያ እሷ ታውራ።