ልዩ ልዩ የጃቫስክሪፕት ማዕቀፎች በአንድ ገጽ ላይ የኖሩበት ታሪክ

አንድ የድር መተግበሪያ ተሠርቶ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ የተሠራበት ማዕቀፍ ወይም በተለመደው አነጋገር ፍሬምዎርኩ ሲያረጅና ሌላ ሲነሣ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ከማኅበራችን አባሎች ለብዙዎቹ እንግዳ አይደለም። አሮጌውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ተጠቃሚውም አዲሱ እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን አቁሞ አይጠብቅም። እንዳለ መተውም ጥገናውን የሚያውቅ ሰው እስኪጠፋ መቆየት ነው። ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አጣምሮ ማኖር ሲሆን፣ ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት ሲነገርለት ይሰማል። ታሪኩን መለስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ችግሩም መፍትሔውም ረዘም ያለ ዕድሜ አላቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ በ1995 ጃቫስክሪፕትን በዐሥር ቀን ግድም ሲያዘጋጅ፣ በገጹ ላይ የሚሠሩ ኮዶች ሁሉ ስማቸውን የሚያስቀምጡበት ጎተራ አንድና የጋራ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ከመረጡ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሳል። በ2005 የወጣው ፕሮቶታይፕ የተባለው ላይብረሪ የዶላርን ምልክት አጭር መጠሪያው አድርጎ ያዘ፤ በ2006 ጆን ሬሲግ ጄክዌሪን ሲያወጣ ያንኑ ምልክት መረጠ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ያስገባ ሰው አንዱ ሲሠራለት ሌላው ይሰበርበት ነበር። ጄክዌሪ ለዚህ ያቀረበው መላ ኖኮንፍሊክት የተባለ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲጠራ ጄክዌሪ ምልክቱን ለቀድሞው ባለቤት መልሶ በሙሉ ስሙ ብቻ ለመጠራት ይስማማል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በእኔ ግምት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገኙት ሥራዎች ሁሉ ጨዋነት የሞላበት ይህ ነው፤ ጸሐፊው ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው በቤቱ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል አስቦ ነበርና።

የስም ጠብ እንዲህ ቢበርድም፣ ከ2010 ወዲህ የባሰ ጠብ ተነሣ። በዚያው ዓመት የሚሽኮ ሄቨሪ አንጉላርጄኤስ ከጉግል ወጣ፤ በ2013 በፌስቡክ የጆርዳን ዎክ ሥራ የሆነው ሪአክት ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2014 የኢቫን ዩ ቪዩ ተከተለ። ጄክዌሪ ገጹን ነካክቶ የሚሄድ እንግዳ ነበር፤ እነዚህ ግን ገጹን ይዘው የሚያስተዳድሩ ባለርስቶች ናቸው። እንደሚታወቀው ብራውዘሩ ገጹን ዶም በሚባል ዛፍ መልክ ይይዘዋል። ሪአክት ደግሞ የዚህን ዛፍ ምስል በራሱ መዝገብ ጽፎ ያኖርና፣ ለውጥ ሲመጣ አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ የተለወጠውን ብቻ ያርማል። በመካከሉ የሌላ ማዕቀፍ እጅ ገብቶ አንዱን ቅርንጫፍ ቢወስድበት፣ ሪአክት መዝገቡን አምኖ የሌለውን ነገር ሊነቅል ይሞክራል፤ መተግበሪያውም በስሕተት ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ማዕቀፎች አንዱን ቅርንጫፍ በጋራ ሊያስተዳድሩ አይችሉም። ዛፉን ሊካፈሉ የሚችሉት እያንዳንዱ የየራሱ ቅርንጫፍ ተለይቶ ሲሰጠው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሁሉ፣ ስሙ ይለያይ እንጂ፣ የወሰን ድንጋይ የመትከል ሥራ ነው።

ወሰኑን ያስተከለው የግድ ነበር እንጂ ሁለት ዓይነት የመቀላቀል ፍላጎት አልነበረም። በመስከረም 2016 ጉግል ሁለተኛውን አንጉላር ሲያወጣ፣ አዲሱ ከቀድሞው ስሙን እንጂ አሠራሩን አልወረሰም፤ የሚጻፍበት ቋንቋ እንኳ ወደ ታይፕስክሪፕት ተዛወረ። በቀድሞው ብዙ ሺህ መስመር የጻፉ ድርጅቶች ወደ አዲሱ የሚያሻግራቸው ቀጥተኛ መንገድ አልነበራቸውም። የተሰጣቸው ድልድይ ኤንጂአፕግሬድ ነው። በዚህ ድልድይ ሁለቱ በአንድ ገጽ አብረው ይሠራሉ፤ የአንዱ አካል በሌላው ውስጥ ይገባል። ነገር ግን የአዲሱ የለውጥ ፍተሻ ዙር ባበቃ ቁጥር የአሮጌውም ፍተሻ አብሮ ይቀሰቀሳልና፣ ገጹ በትልቅነቱ መጠን ይከብዳል። የአንጉላርጄኤስ ድጋፍ በ2021 መጨረሻ አብቅቷል። ድልድዩን መኖሪያ አድርገው የቆዩት ያን ጊዜ ግማሽ ቤታቸው ያለ ጠባቂ ቀረ።

ሪአክትም ቢሆን ከራሱ የቀድሞ ዕትም ጋር እንኳ መስማማት ከብዶት ነበር። እስከ 2020 ድረስ ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ ሲጫን ሪአክት የሚሰማው ከገጹ አናት ላይ ሆኖ ነው። ሁለት ዕትሞች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገቡ፣ የውስጠኛው «ይህ ወደ ላይ አይለፍ» ቢልም የውጨኛው ይሰማው ነበር። በጥቅምት 2020 የወጣው ሪአክት 17 መስሚያውን ከገጹ አናት አንሥቶ ወደ ራሱ ቅርንጫፍ ሥር አወረደ። ለባለሙያው ይህ ነው የሚባል አዲስ ችሎታ ያልያዘ፣ አብሮ መኖርን ለማመቻቸት ብቻ የወጣ ዕትም ነበርና ብዙ ሰው ሳያስተውለው አለፈ።

ወሰኑን ብራውዘሩ ራሱ ቢጠብቀውስ? አሌክስ ራስል በ2011 ያቀረበው የዌብ ኮምፖነንትስ ሐሳብ ይህ ነው። አካሉ የራሱ መለያ ስምና የውጭ የአቀራረብ ደንብ የማይገባበት የተከለለ ዛፍ ይኖረዋል። ክሮም በ2016፣ ፋየርፎክስ በ2018፣ ኤጅ በ2020 ዛሬ የምንሠራበትን መልኩን ተቀበሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንድ መለያ ስም በአንድ ገጽ መዝገብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ አይችልምና፣ የዶላሩ ምልክት ጠብ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። በዚህ ላይ ሪአክት ለእነዚህ አካላት መረጃ የሚያቀብለው በጽሑፍ መልክ ብቻ ስለ ነበር፣ ከጽሑፍ በላይ የሆነ ዕቃ በቀጥታ ለማሳለፍ ሪአክት 19 እስከ ወጣበት እስከ ታኅሣሥ 2024 መጠበቅ አስፈለገ።

በኅዳር 2016 ቶትወርክስ ማይክሮ ፍሮንትኤንድ የሚለውን ስም በቴክኖሎጂ መዘርዝሩ ሲያወጣ፣ ነገሩ ከኮድ አደረጃጀት ወደ ሠራተኛ አደረጃጀት ተሻገረ፤ እያንዳንዱ ቡድን የገጹን ክፍል በመረጠው ማዕቀፍ ሠርቶ ለብቻው እንዲያወጣ ማለት ነው። ለቡድኖቹ ነጻነት መሆኑ አይካድም። ዕዳው የሚያርፈው ግን በተጠቃሚው ላይ ነው፤ አንዲት ቅጽ ለመሙላት የሦስት ማዕቀፎችን ኮድ ያወርዳልና። የሞባይል ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። የዌብፓክ 5 ሞጁል ፌደሬሽን በ2020 ሲመጣ አንድ ዓይነት ማዕቀፍ የያዙ ክፍሎች አንዱን ቅጂ በጋራ እንዲጠቀሙ አስቻለ፤ ማዕቀፎቹ ሲለያዩ ግን የሚጋሩት የለም።

በ2022 የመጀመሪያ ዋና ዕትሙ የወጣው አስትሮ ሸክሙን በሌላ በኩል ሊያቃልል ሞከረ። ገጹ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ይላካል፤ ተጠቃሚው የሚነካካቸው ጥቂት ክፍሎች ብቻ እንደ ደሴት ተለይተው ኮዳቸውን ያመጣሉ፤ አንዱ ደሴት በሪአክት፣ ሌላው በቪዩ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱ ደሴቶች መረጃ መለዋወጥ ሲኖርባቸው ግን አንዱ ሌላውን በቀጥታ አያናግረውም፤ መረጃው ከሁለቱም ማዕቀፎች ውጭ በሆነ ትንሽ ማከማቻ ተቀምጦ ሁለቱም ከዚያ ያነባሉ።